ታምራት አማኑኤል፦ ከጎንደር ወጥተው ወደ ወገናቸው የተመለሱት መምህር



በዚህ በነታንያ፣ በዐጋሚም ሰፈር ኑሮ የጀመራችሁ ሁሉ፣ ብዙ ሳይቆይ አንድ ነገር እንደሚገጥማችሁ ከቀደሙት ቤተሰቦች አይተናል። ልጁ ጋን ወይም ትምህርት ቤት ይገባል፤ በጥቂት ወራት ዕብራይስጡን ይለምዳል፤ ከዚያ ባንክም ኩፓት ሖሊምም ለእናቱ አስተርጓሚ ይሆናል፤ በዓመቱ ደግሞ አያቱ የሚነግሩት ነገር ይሰለቸዋል። ያን ጊዜ ወላጅ፣ ይህ ልጅ ከእኛ ምን ይዞ ሊቀር ነው ብሎ ማሰብ ይጀምራል። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ከወላጆቹ ተለይቶ ባሕር የተሻገረ፣ በፈረንጅ አገር ያደገ፣ በመጨረሻም ወደ ወገኑ የተመለሰ አንድ የጎንደር ልጅ ነበር። ስሙ ታምራት አማኑኤል ይባላል። ስሙን የሰማችሁ ብዙ ናችሁ፤ ታሪኩን የሰማችሁ ግን ጥቂት እንደምትሆኑ በመገመት በዚህ እትም ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን ልብ በሉ።

ታምራት የተወለደው በ1888 በጎንደር አካባቢ ነው። ዘመኑ መልካም ዘመን አልነበረም። በዚያው ዓመት ደርቡሾች ከሱዳን ዘምተው ጎንደር ከተማን አቃጠሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በዚህ ላይ አባቶቻችን ክፉ ቀን እያሉ የሚጠሩት ረኀብ መጣ። ከ1888 እስከ 1892 ድረስ ከብቱን በሽታ ፈጀው፤ ሞፈር የሚስብ በሬ ጠፋ፤ አንበጣው የቀረውን ጨረሰው። በመላው ኢትዮጵያ ሕዝብ አለቀ፤ ከቤተ እስራኤል መንደሮችም ብዙዎቹ ባዶ ቀሩ። ቄሱ የሞተበት፣ ኦሪት የሚያነብ የጠፋበት መንደር በርካታ ነበር። ከዚያ የተረፈው ሰው አንዱ ወደ ትግራይ፣ አንዱ ወደ ኤርትራ፣ አንዱም ወደ ሸዋ ተበተነ።

ከዚያ በፊት የነበረው ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ለልጆቻችሁ ልትነግሩ የምትችሉት እናንተ ናችሁ፤ ሆኖም እዚህ የተወለዱት እንዲያነቡት ጥቂቱን እንጥቀስ። ቤተ እስራኤል በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን፣ በጠለምት፣ በቋራ፣ በወልቃይትና በሌሎችም ወረዳዎች በትናንሽ መንደሮች ተበታትኖ ይኖር ነበር። መንደሩ የሚቆረቆረው ወንዝ አጠገብ ነው። ምክንያቱም መንጻት ያለ ወራጅ ውኃ አይሆንም። ከሌላው ሕዝብ ጋር ገበያ ላይ ይገናኛል፣ ይነግዳል፤ ነገር ግን ነክቶ ሳይታጠብ ቤት አይገባም። ለዚህም ነው ጎረቤቱ አትንኩኝ የሚል ስም ያወጣለት። በወር አበባዋ ጊዜ ሴት ወደ መርገም ጎጆ ትገባለች፤ ጎጆው በድንጋይ የታጠረ ነው፤ ምግቡ እድንጋዩ ላይ ይቀመጥላታል። ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትቆያለች። ይህ ከኦሪት ዘሌዋውያን የተወሰደ ሥርዓት ነው።

ስለ ሰንበት ብንናገር ገጹ አይበቃንም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃው ይቀዳል፣ እንጨቱ ይገባል፣ ዳቦው ይጋገራል፣ ገላ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ እሳቱም ይጠፋል። ቅዳሜ በቤተ እስራኤል መንደር ጭስ አይታይም ነበር። ተእዛዘ ሰንበት የሚባለው የግእዝ መጽሐፋችን ሰንበትን እንደ ንግሥት፣ ሕዝቧን የምታማልድ አድርጎ ያቀርባታል፤ ይህን መጽሐፍ የፓሪሱ ሊቅ ዮሴፍ ሃሌቪ በ1902 አሳትሞታል። በፋሲካ የሸክላው ዕቃ ተሰብሮ በአዲስ ይተካል፣ ቂጣ ይበላል፣ በግም ይሠዋ ነበር። ስግድን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ተራራ ላይ ወጥቶ ቃል ኪዳን ማደስ ነው። ጸሎቱ በግእዝ ሆኖ የአገው ቃላት ይገኙበታል። እነዚህን ጸሎቶች ካደራጁት አባቶች መካከል በ15ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አባ ሰብራ ይነሣሉ። በነገራችን ላይ፣ በዓለም ካሉት አይሁድ መካከል የምንኩስና ሥርዓት ይዞ የቆየው የእኛ ወገን ብቻ ነው።

ሥራውን በተመለከተ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ የሰሜኑ ጦርነት በሽንፈት ካለቀ በኋላ ርስት የተነጠቀው ብዙ ነው። መሬት ያጣ ሕዝብ በእጁ ሙያ ያድራል። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፣ ግንብ ገነባ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች። ማረሻ የሠራለት ገበሬ ቡዳ ብሎ ሰደበው። ፈላሻ የሚለውም ስም ከዚሁ፣ ከፍልሰትና ከርስት ማጣት ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ይህን ስም ማንም በእናንተ ላይ ቢያወጣው ዝም ብላችሁ መቀበል የለባችሁም።

ወደ ታምራት እንመለስ። ከመወለዱ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1860፣ ሚስዮናውያን ጎንደር ገብተው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሄንሪ ስተርንና ማርቲን ፍላድ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ እንዲያስተምሩ ሲፈቅዱላቸው፣ የሚጠመቀው ሰው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ የሚል ግዴታ አደረጉባቸው። ሚስዮኖቹ የያዙት አንድ ኃይለኛ መሣሪያ ትምህርት ነበር። ቄሶቻችን ኦሪቱን በግእዝ ሲያነቡ፣ እነርሱ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ያድሉ ነበር። ልጁን ፊደል ያስቆጥራሉ፤ በረኀብም ጊዜ ጠግቦ የሚያድርበት ቦታ ይሰጣሉ። በ1862 አባ መሐሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝቡን አስከትለው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም የተነሡት በዚሁ ጭንቀት ነው፤ ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው ነበር፤ ትግራይ ላይ በረኀብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፉት ተመለሱ።

የታምራት ወላጆች ከሃይማኖታቸው ከወጡት ቤተሰቦች ወገን ነበሩ። ልጁ የተማረው በአስመራ፣ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ይህን ሳንሸፍን የምንጽፈው በምክንያት ነው። ከእናንተ መካከል ቅድመ አያቶቻችሁ በዚያ ዘመን ከቤተ እስራኤል የተለዩ፣ በዚህም የተነሣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ስንት ዓመት የጠበቃችሁ፣ እዚህም ገብታችሁ ማንነታችሁን የሚጠይቅ ሰው የሚያጋጥማችሁ ብዙ ናችሁ። ከመላው ቤተ እስራኤል የመጀመሪያው የዘመናዊ ትምህርት አባት የሚባለው ሰው ከእንደናንተ ያለ ቤት የወጣ መሆኑን እወቁ። ለሚጠይቃችሁም ንገሩት።

በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ከአውሮፓ መጣ። በ1881 በፖላንድ አገር፣ በሎጅ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ፓሪስ ውስጥ ግእዝና አማርኛ ያስተማረው ከላይ የጠቀስነው ዮሴፍ ሃሌቪ ሲሆን፣ እርሱም በ1867 ቤተ እስራኤልን ጎብኝቶ የተመለሰ ነበር። የመንገዱን ወጪ ባሮን ኤድሞን ደ ሮትሽልድ ቻለ። ፋይትሎቪች በየመንደሩ ሲዞር ሕዝቡ በጥርጣሬ ተቀበለው። ፈረንጅ ማለት እስከዚያ ድረስ ሚስዮን ማለት ነበራ! ነጭ እስራኤላዊ መኖሩን የሚያምን አልነበረም። ቀስ በቀስ ግን ሰንበት ሲጠብቅ፣ ኢየሩሳሌምን ሲያነሣ አይተው ቀረቡት። ሲመለስ በ1905 ሁለት ወጣቶችን ይዞ ሄደ። አንዱ ጌቴ ኤርምያስ፣ ሁለተኛው በአስመራ ያገኘው የ17 ዓመቱ ታምራት ነበር።

እናቶች ሆይ፣ እስቲ አስቡት። ያኔ ስልክ የለም፤ ደብዳቤ እንኳ ወራት ይፈጃል። ልጅን ለማያውቁት ፈረንጅ ሰጥቶ ባሕር ማሻገር ማለት ሞቶ እንደሆነ ሳያውቁ መኖር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ፋይትሎቪች ወደ 25 የሚሆኑ ልጆችን ወደ አውሮፓና ወደ ኢየሩሳሌም ወስዷል። ብርዱና በሽታው ከመካከላቸው የቀጠፋቸው አሉ። ስለ ፋይትሎቪች ውለታ በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ ይህ ነገር በአንድ መስመር መታለፉ እኔን በግሌ ያስከፋኛል። መምህር እንደመሆኔ፣ ልጅን ከቤቱ አርቆ ማስተማር ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያሳጣ፣ በፕኒሚያ ካደጉት የእኛ ልጆች ብዙ አይቻለሁ።

ታምራት በፓሪስ በአሊያንስ የመምህራን ማሠልጠኛ ለሁለት ዓመት ያህል ተማረ። አሊያንስ ለቤተ እስራኤል የነበረው ፍላጎት ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ በ1908 ረቢ ሐይም ናሑምን ልኮ ያስጠናው ጥናትም የፋይትሎቪችን እቅድ የሚደግፍ ሆኖ አልተገኘም። በዚህ ጊዜ በሩን የከፈተችው ኢጣሊያ ናት። በፊሬንሴ ከተማ የረቢዎች ኮሌጅ ኃላፊ የነበሩት ረቢ ሽሙኤል ማርጉሊየስ ለቤተ እስራኤል የሚሆን ኮሚቴ አቋቁመው ነበር፤ ታምራትም በእርሳቸው ኮሌጅ ገብቶ ትምህርቱን ጨረሰ፤ በዚያው አገርም አስተማረ። ከኢትዮጵያ እንደወጣ 15 ዓመት ሞላው። አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ፈረንሳይኛና ኢጣሊያንኛ ያለ ችግር የሚጽፍ ሰው ሆነ። ቢፈልግ በዚያው ኖሮ ስሙን ማስጠራት ይችል ነበር፤ ነገር ግን በ1920 ከፋይትሎቪች ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። እስካሁን ልጅ ስለነበረ አንተ እያልን መጣን፤ ከእንግዲህ መምህር ሆነዋልና አንቱ እንበላቸው።

በ1906፣ ታምራት ገና ፓሪስ ሳሉ፣ ፋይትሎቪች የ44 ረቢዎችን ፊርማ የያዘ ደብዳቤ ለቤተ እስራኤል አስጽፎ ነበር፤ በ1921 ደግሞ ረቢ አብርሃም ይስሐቅ ኩክ የዓለም አይሁድ ለዚህ ሕዝብ እንዲደርስለት ጥሪ አቀረቡ። በዚህ ሁሉ ድጋፍ በ1923 የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዳይሬክተሩ ታምራት አማኑኤል ሆኑ። ልጆቹ ከጎንደር የሚመጡት ሳምንታት በእግር ተጉዘው ነው። ትምህርት ቤቱ አዳሪ ሲሆን አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ የውጭ አገር ቋንቋና የሃይማኖት ትምህርት ይሰጥበት ነበር። ገንዘቡ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ኮሚቴዎች ይላካል፤ አንዳንዴም ይዘገያል። ዘግይቶ በመጣ ቁጥር የሚጨነቁት የኮሚቴው አባላት ሳይሆኑ ለልጆቹ እንጀራ የሚያስጋግሩት ዳይሬክተር ናቸው።

ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ መሆኑ ለመንግሥት ቅርብ አደረገው፤ ከመንደሩ ግን አራቀው። ተምሮ የወጣው ልጅ ወደ ደምቢያ ተመልሶ ያስተምራል የሚል እቅድ ነበር። ጥቂቶቹ ይህን አደረጉ። ሌሎቹ ግን ከተማው ያዛቸው፤ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እጅግ ይፈለግ ስለነበር የመንግሥት ሥራ ወሰዳቸው። ይህ የከሸፈ ሥራ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ሙሉ በሙሉ ሠመረ ለማለትም አልደፍርም።

ከዚህ የበለጠ ከባድ የነበረው የባህሉ ጉዳይ ነው። ፋይትሎቪች ቤተ እስራኤልን ይወድ ነበር፤ ነገር ግን በአውሮፓ እንዳለው አይሁዳዊ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። መሥዋዕቱ ይቅር፣ ምንኩስናው ይቅር፣ የመንጻቱ ሥርዓት ይላላ አለ። ዕብራይስጥን፣ የዳዊት ኮከብን፣ የሰንበት ሻማ ማብራትንም አስገባ። በሰንበት ዋዜማ እሳት ሲያጠፋ የኖረ ሕዝብ፣ በሰንበት ዋዜማ ሻማ አብራ ሲባል ምን እንደተሰማው ገምቱ። ሽማግሌዎቹና መነኮሳቱ ይህን አዲስ ነገር በቀላሉ አልተቀበሉትም። ፋይትሎቪች አለ አግባብ አደረገ ብዬ ብቻ ብጽፍ ግን እውነቱን አጎድላለሁ። እርሱ ባይመጣና የዓለም አይሁድ ቤተ እስራኤልን ወንድሙ አድርጎ እንዲያየው ባይጎተጉት፣ ሚስዮኑ የቀረውንም ይወስደው ነበር። ቤተ እስራኤልም ከሌላው አይሁድ ጋር እንዲገናኝ የጋራ ቋንቋ ያስፈልገው ነበር። ጥያቄው ስንቱን መጣል አለብን የሚለው ነው።

በዚህ መካከል የቆሙት ታምራት አማኑኤል ናቸው። በአንድ ወገን ያሳደጋቸውና ያስተማራቸው ሰው አለ፤ በሌላ ወገን በአትንኩኝ ሥርዓት የሚኖረው ወገናቸው አለ። ከፋይትሎቪች ጋር በሥራም በሐሳብም የተጋጩባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። እርሱ መጥቶ ይሄዳል፤ እርሳቸው ከሰዉ ጋር ይቀራሉ። በተጨማሪም ታምራት የኢትዮጵያ ልጅ ነበሩ፤ አገሪቱ በትምህርት እንድትለወጥ ከሚሹት የዘመኑ ምሁራን እንደ አንዱ ይቆጠራሉ። የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ከሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ ዛሬም የሚነሣ፣ ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን የሚል ጽሑፍ ትተዋል። ይሁዲነታቸውና ኢትዮጵያዊነታቸው እንዲጣሉባቸው አልፈቀዱም።

በ1936 ፋሽስት ኢጣሊያ አዲስ አበባ ገባ። ታምራት ኢጣሊያንኛ እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩ፣ በፊሬንሴ የተማሩ ሰው ስለነበሩ ጣሊያኖቹ ይጠቅሙናል ብለው ማሰባቸው አይቀርም። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ግን የተማረ ኢትዮጵያዊ እየታደነ ተገደለ። ታምራት ከአገር አመለጡ፤ የስደት ዘመናቸውንም በውጭ አሳለፉ፤ በጦርነቱ ጊዜ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተው በ1941 ነጻ ወደ ወጣችው አገራቸው ተመለሱ። ያ የደከሙበት ትምህርት ቤት በጠላት ጊዜ ተዘግቶ ስለነበር እንደገና አልተከፈተም። እርሳቸውም ለመንግሥት ሠሩ፤ ከ1948 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በፓሪስ የኢትዮጵያ የባህል አታሼ ሆኑ። በ17 ዓመታቸው ተማሪ ሆነው በገቡባት ከተማ አሁን የአገራቸው ወኪል ሆነው ተቀመጡ ማለት ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በኢየሩሳሌም ነው። ፋይትሎቪች በ1955 በቴል አቪቭ ሞተ፤ ስለ ኢትዮጵያ የሰበሰባቸው መጻሕፍትና ሰነዶች በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ታምራት አማኑኤል በ1963 ዐረፉ። በዚያን ጊዜ እስራኤል ውስጥ የነበረው ቤተ እስራኤል በጣት የሚቆጠር ነበር። ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ነው ብለው የወሰኑት በ1973፣ መንግሥት የመመለስ ሕግን ያጸናለት በ1975፣ የሙሴ ዘመቻ የሆነው በ1984 መጨረሻ፣ የሰሎሞን ዘመቻም በ1991 ነው። አንዱንም አላዩትም።

ዘራቸው ግን በቅሏል። በ1921 ፋይትሎቪች ከወለቃ ወደ ኢየሩሳሌም የወሰደው ዮና ቦጋለ፣ በኋላ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች ተምሮ ተመልሶ በዚሁ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1950ዎቹ ሶኽኑት በአስመራና በጎንደር መንደሮች ትምህርት ቤት ሲከፍት የሥራው ዋና ሰው እርሱ ነበር፤ በ1979 ወደ እስራኤል ገብቶ በ1987 እዚሁ ዐርፏል። በ1955 እና በ1956 ደግሞ 27 ወጣቶች ለትምህርት ወደ ክፋር ባትያ መጡ። ክፋር ባትያ ሩቅ አይደለም፤ ከእኛ በስተደቡብ በራዓናና ነው፤ ከነታንያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው መምህራን ሆኑ፤ ምናልባት የእናንተን አባት ያስተማሩ ይኖራሉ።

ታምራት ሲጽፏቸው የነበሩት ደብዳቤዎች ኤማኑኤላ ትረቪዛን ሰሚ በሚባሉ ምሁር ተሰብስበው በ2000 በኢጣሊያ፣ በቶሪኖ ከተማ ታትመዋል። መጽሐፉ የወጣው በኢጣሊያንኛ ነው። በሰፈራችን ኢጣሊያንኛ የሚያነቡ አንድ ሁለት አረጋውያን እንዳሉ ሰምተናል፤ ፈቃዳቸው ከሆነ አንዳንዱን ለልጆች ማንበቢያ በአማርኛና በዕብራይስጥ እናዘጋጃለን። ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚወለድ፣ ወይም አያቱ ስለ ታምራት አማኑኤል ሲያወሩ የሰማ ቤተሰብ በዐጋሚም ካለ፣ እባካችሁ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ብቅ በሉና ንገሩን። ፎቶግራፍ ካላችሁ ቅጂ አንሥተን ወዲያው እንመልስላችኋለን።